ሰማዩ ጥርት ብሎ አውሮፕላኑ ለምን አይነሳም?

በሩ ተዘግቷል። ቀበቶ ታስሯል። በመስኮት ሲታይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ደመና የለችበትም። ከዚያ የካፒቴኑ ድምፅ መጣ። ስሎት እየጠበቅን ስለሆነ 45 ደቂቃ ያህል እዚሁ እንቆያለን አለ።

ይህ የሆነው ከአንድ የአውሮፓ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ስሎት ማነው? እሱ እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው?» አሉኝ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ «ሰው አልሞላላቸውም፣ ሌላ ምን ይሆናል!» አለ። እኔ «ወረፋ ነው እማማ» ብዬ አለፍኩት። መልሱ ልክ ነበር፣ ግን በጣም አጠረ። የምን ወረፋ? ከማን ጋር ተሰልፈን? ሰማይ ላይም ሰልፍ አለ እንዴ? ይህን ጽሑፍ ለእሳቸው እንደተጻፈ ቁጠሩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሎት ማነው?

ስሎት ሰው ሳይሆን ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት የሚነሳበት፣ በቀጠሮ የተሰጠው ሰዓት። በአውሮፓ ቀጠሮው ከተባለው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ ጀምሮ 10 ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ይሠራል። በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ ያልተነሳ ወረፋው ይቃጠልበታል፤ ሌላ ይያዝለታል። አንድ መንገደኛ ዲዩቲ ፍሪ ውስጥ ሽቶ ሲመርጥ ጠፍቶ፣ ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ሆድ ተፈልጎ እስኪወርድ ድረስ 15 ደቂቃዋ እልም ትላለች። ሁለት መቶ ምናምን ሰው እንግዲህ ለአንድ ሽቶ እንደገና ይሰለፋል።

ግራ እንዳያጋባችሁ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ነገርም አለ። አየር መንገዶች በተጨናነቁ ኤርፖርቶች ለማረፍና ለመነሳት ከወራት በፊት የሚይዙት ፈቃድም ስሎት ይባላል። ለምሳሌ የለንደኑ ሂትሮው በዓመት ከ480 ሺህ በላይ መነሳትና ማረፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ፈቃዱ እንደ ቦታ ካርታ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ የሚያወራው ስለዚያ አይደለም። የእሱ የዛሬ ወረፋ ነው።

ወረፋውን የሚያስከብረው ማነው?

ብዙ ሰው «ያ ማማ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ» ይላል። አይደለም።

አዲስ አበባ ታክሲ የጠበቀ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። መገናኛ አደባባይ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ የደረሱትን መኪኖች ያስተናግዳል፤ አንተ እለፍ፣ አንተ ቁም ይላል። የታክሲ ተራ አስከባሪው ሥራ ግን ሌላ ነው። እሱ ማን መቼ እንደሚወጣ ይወስናል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው እንደ ትራፊክ ፖሊሱ ነው፤ አየር ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች አራርቆ ያሳልፋል። የፍሰት አስተዳዳሪው ደግሞ ተራ አስከባሪው ነው። አደባባዩ ገና ሳይዘጋ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ አይቶ፣ ሃያ ሁለት ላይ ያለውን መኪና «አትምጣ፣ እዚያው ቆይ» ይለዋል።

የአውሮፓ ተራ አስከባሪ የሚገኘው ብራስልስ ነው፤ ዩሮኮንትሮል በሚባለው ድርጅት ውስጥ። ክፍሉ የኔትወርክ አስተዳዳሪ ይባላል። በበጋ ቀን በአውሮፓ ሰማይ ከ30 ሺህ በላይ በረራ ያልፋል፤ የእያንዳንዱ የበረራ ዕቅድ ቀድሞ እዚያ ይገባል። ዕቅዱ አውሮፕላኑ የት ተነስቶ፣ በየት በኩል፣ በምን ከፍታ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ደምሮ የትኛው ሰማይ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ ያያል። የወረፋ ሰዓቱን የሚያወጣው እሱ ነው፤ የሚደርሰውም በተለምዶ ከመነሻ ሰዓት 2 ሰዓት በፊት ነው።

የአሜሪካው ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ዋረንተን አካባቢ ነው፤ ከደለስ ኤርፖርት ብዙም አይርቅም። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሳታውቁት ጎረቤታችሁ ነው ማለት ነው። እዚያ አብራሪው «ስሎት» ከማለት ይልቅ «ዊልስ አፕ ታይም» ሲል ትሰሙታላችሁ። ነገሩ አንድ ነው።

አሜሪካ ማዕከላዊ የፍሰት ክፍል ያቋቋመችው በ1970 ነው። ነገሩ ጡንቻ ያወጣው ግን በ1981 ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ኦገስት ውስጥ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቆሙ። ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑትን አባረሩ። አውሮፕላኑ፣ መንደርደሪያውና ራዳሩ እንዳለ አለ፤ የሚያያቸው ሰው ግን ጎደለ። ስለዚህ ማን ይነሳ፣ ማን ይቆይ ብሎ ከመሬት መመጠን ግድ ሆነ።

ሰማይ ሰፊ አይደል እንዴ? በምን ይጠባል?

የእማማ ሁለተኛ ጥያቄ ይህ በሆነ ነበር። መልሱም የሚጠበው ሰማዩ ሳይሆን የሰው አቅም ነው የሚል ነው።

ሰማይ በሴክተር የተከፋፈለ ነው። ሴክተር ማለት ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው የሰማይ ቁራጭ ነው። እያንዳንዱን ብዙውን ጊዜ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ይይዙታል፤ አንዱ ከአብራሪዎች ጋር በሬዲዮ ያወራል፣ ሌላው ከጎረቤት ሴክተሮች ጋር ይነጋገራል፣ ቀድሞ ያቅዳል። ራዳር ባለበት ሰማይ፣ በመንገድ ላይ ያሉ ሁለት አውሮፕላኖች በተለምዶ በጎን 5 የባሕር ማይል ይራራቃሉ፤ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወይም በከፍታ 1000 ጫማ፤ 300 ሜትር ያህል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲሉት ብዙ ይመስላል። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች ግን በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሱታል።

እና አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት አውሮፕላን በጭንቅላቱ ይይዛል? መጨረሻ አለው። የእንጀራ ምጣድ አስቡ። አንድ ምጣድ ላይ የቱንም ያህል ብትቸኩሉ እንጀራው የሚበስልበትን ጊዜ ማሳጠር አትችሉም። እንግዳው ሃምሳ ቢሆን መቶ፣ ምጣዱ በሰዓት የሚያወጣው ያው ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሴክተር በሰዓት ከዚህ በላይ አይግባብኝ የሚል ቁጥር ያለው። አቅም የሚሉት ይህን ነው። ፍላጎት የሚሉት ደግሞ በዚያ ሰዓት ልለፍ የሚለውን የበረራ ብዛት።

መጀመሪያ የሚሞከረው ሰልፍ ማስያዝ አይደለም። ሁለተኛ ምጣድ መጣድ ነው፤ ሴክተሩን ለሁለት ይከፍሉትና ሌላ ወንበር ላይ ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ይቀመጣሉ። አንዳንዱን በረራ ደግሞ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ወይም በሌላ መንገድ ዞሮ እንዲያልፍ ይጠይቁታል። ሰማዩን ራሱን መደርደርም ተሠርቶበታል። ቀድሞ ከ29 ሺህ ጫማ በላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች በ2000 ጫማ ነበር የሚራራቁት። የከፍታ መለኪያዎች ሲሻሻሉ ርቀቱ ወደ 1000 ወረደ፤ በአውሮፓ በ2002፣ በአፍሪካ በ2008። በአንድ ሌሊት በድሮዎቹ ፎቆች መሃል አዳዲስ ፎቆች ተጨመሩ ማለት ነው።

ሁለተኛ ምጣድ ግን ጋጋሪ ይፈልጋል። ተቆጣጣሪ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፣ ፈቃዱም ለሚሠራበት ቦታ የተለየ ነው። የለንደኑን አምጥቶ ማርሴይ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በ2025 ኖቬምበር ያየነው ይህንኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ተዘግቶ፣ ተቆጣጣሪዎች ከአንድ ወር በላይ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ብዙዎች ቀሩ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑም በ40 ትልልቅ ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ አዘዘ፤ በ4 በመቶ ነበር የተጀመረው። የአየሩ ሁኔታ ምንም አልሆነም። የጎደለው ሰው ነው።

መንደርደሪያውስ?

ሌላው ጠባብ በር ይህ ነው። አንዱ አውሮፕላን አርፎ ሳይወጣ ሌላው ሊያርፍ አይችልም። ትልልቅ አውሮፕላኖች ደግሞ ከኋላቸው የአየር ሽክርክሪት ትተው ይሄዳሉ፤ ትንሹ ቢጠጋ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ማን ከማን ኋላ እንደሚመጣም ቁጥሩን ይለውጠዋል።

እኔ የምወደው ምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ጎን ለጎን የሆኑት መንደርደሪያዎቿ በ230 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚራራቁት። ሰማዩ ሲጠራ አብራሪዎች እየተያዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያርፉ ነበር፤ በሰዓት እስከ 60። ከውቅያኖሱ ዝቅ ያለ ደመና ሲገባ ግን መተያየት ቀረ፣ ጥንድ ማረፍም ቀረ። 60 የነበረው ወደ 30 ወረደ። ሕንፃው፣ አስፋልቱ፣ ሠራተኛው ያው ነው፤ ጭጋግ ብቻ ግማሹን ወሰደው። በዚያች ጠዋት ከቺካጎ ወይም ከዴንቨር ልትነሱ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ ፀሐይ እየሞቃችሁ «ምን ሆነው ነው?» ትላላችሁ።

ተነስቶ እዚያው ደርሶ ቢጠብቅስ?

ሄደን እዚያው ሰልፍ እንያዝ፣ ቢያንስ መንገዱ ያልቅልን ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል፣ እኔም አስብ ነበር።

ችግሩ አውሮፕላን ዳር ይዞ አይቆምም። እንደ 787 ያለው ትልቅ ጄት በበረራ ላይ በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይበላል። ጭኖ የሚነሳው ልክ አለው፤ መድረሻው ላይ 30 ደቂቃ የምታቆይ፣ ማንም ሊነካት የማይፈልጋት የመጨረሻ መጠባበቂያም አለችው። አርባ አውሮፕላን በአንዴ ደርሶ መዞር ቢጀምር፣ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ነዳጁን እያየ «እኔን አስቀድሙኝ» ይላል። ለተቆጣጣሪው ከዚህ የባሰ ቀን የለም። መሬት ላይ ያለ አውሮፕላን ግን ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቢበዛ እኛ እንሰለቻለን።

ትንሽ ሰልፍ አየር ላይም ይኖራል። ሂትሮው የሚያርፉ አውሮፕላኖች አራት መዞሪያ ቦታዎች አሏቸው፤ እንደ ፎቅ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ይዞራሉ፣ ከታች ያለው ሲወጣ የላይኛው ይወርዳል። መንደርደሪያው ለአፍታም ባዶ እንዳይሆን ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። እሱንም ለመቀነስ ከ2014 ወዲህ ገና ፈረንሳይ ወይም አየርላንድ ላይ ያለን አውሮፕላን «ፍጥነት ቀንስ» ማለት ተጀምሯል። ዞሮ ዞሮ ከመጠበቅ እየተዝናኑ መድረስ ይሻላል።

ወረፋው ላይ ዘመድ አለ?

እንበልና አንድ ሴክተር በሰዓት 40 ይችላል፤ 55 በረራ መጣበት። በአውሮፓ ደንቡ በዕቅዱ መሠረት ቀድሞ የሚደርስ ቀድሞ ያልፋል ነው። ትልቅ አየር መንገድ ሆነ ትንሽ፣ ቲኬቱ ውድ ሆነ ርካሽ፣ ለውጥ የለውም። ቀድመው የሚደርሱት 40 ያልፋሉ፤ 15ቱ ወደሚቀጥለው ሰዓት ይገፋሉ፣ የሚቀጥለውም ሰዓት በተራው ይገፋል። ጠዋት የተጀመረ መዘግየት ማታ ድረስ የሚጎተተው በዚህ ነው።

አሁን ለእኛ ሰው የምትጠቅመውን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት የሚሄደው በረራ የብራስልስ ወረፋ አይሰጠውም። ሥርዓቱ የሚሠራው ከአውሮፓና ከአካባቢው ለሚነሱ በረራዎች ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ከደንቡ ነፃ ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ በሮ ለሚመጣ አውሮፕላን የዛሬን ጭጋግ ቀድሞ ማወቅም፣ ቦሌ ላይ ማስቆምም አይቻልማ! ስለዚህ ጥበቃው ከአውሮፓ በሚነሱት ላይ፣ በአብዛኛው በአጭር በረራዎች ላይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ተነስታችሁ ፍራንክፈርት በሰዓታችሁ ደረሳችሁ እንበል። ከዚያ ወደ ለንደን ያለችው የአንድ ሰዓት ተኩል በረራ ሁለት ሰዓት ብትዘገይ አትገረሙ። ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ የምትነሱት ከአውሮፓ ነውና እናንተም ተራችሁ ይደርሳል። እኔና እማማ የተቀመጥነው ለዚህ ነበር። ወደ ደቡብ ስንወርድ ከምናልፍባቸው ሴክተሮች አንዱ ላይ ነጎድጓድ ነበረ። እኛ የነበርንበት ሰማይ ምንም አላጠፋም።

በአንዴ ሲበላሽስ?

2023፣ ኦገስት 28፣ እንግሊዝ የሕዝብ በዓል ላይ ናት። ከሎስ አንጀለስ ወደ ፓሪስ የሚሄድ አንድ በረራ ዕቅዱ ወደ እንግሊዝ ኮምፒውተር ገባ። ዕቅዱ ውስጥ በአንድ ዓይነት ምልክት የሚጠሩ ሁለት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ዶቪል፣ ሌላው አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ዴቪልስ ሌክ። ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ ከእንግሊዝ ሰማይ በየት እንደሚወጣ መወሰን አቃተው። የተሳሳተ መረጃ ለተቆጣጣሪ ከምሰጥ ብሎ ራሱን ዘጋ። መጠባበቂያው ተነሳ፣ ያንኑ ዕቅድ አነበበ፣ እሱም ተዘጋ። ሁሉም ነገር 20 ሰከንድ አልፈጀም።

ልብ በሉ፣ ራዳሩም ሬዲዮውም ይሠራል። አየር ላይ ያሉት አልተነኩም። የጠፋው ማን እንደሚመጣ የሚነግረው ወረቀት ነው፤ ሰዎች ዕቅዱን በእጅ ማስገባት ጀመሩ፣ በእጅ ደግሞ በሰዓት 60 ያህል ብቻ ነው የሚቻለው። አቅም ሲወርድ ምን ይደረጋል? ፍላጎቱም መውረድ አለበት። በመላው አውሮፓ ወደ እንግሊዝ የሚሄዱ ብዙ አውሮፕላኖች ካሉበት እንዳይነሱ ተደረገ። ብልሽቱ በዚያው ቀን ከሰዓት ተጠገነ፤ ከ700 ሺህ በላይ መንገደኛ ግን ተጉላላ። አንዳንዶቹ ለቀናት።

የእኛስ ሰማይ?

ቦሌን ያየ ሰው ማዕበሉን ያውቀዋል። ጠዋት ከአውሮፓ፣ ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡት በተቀራራቢ ሰዓት ያርፋሉ፤ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ትራንዚት እንዲገናኝ ተብሎ የታቀደ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ዝም ያለው ኤርፖርት በማዕበሉ ሰዓት አፍ ለአፍ ይሞላል። መንደርደሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ግን ጎን ለጎን ተቀራርበው ስለተሠሩ፣ እንደ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አይቆጠሩም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት አራት መንደርደሪያ የታቀደለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው የሱዳን ነገር ነው። በ2023 ኤፕሪል ጦርነቱ ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። ከእኛ ወደ አውሮፓ አቋራጩ ያ ነበር። አውሮፕላኖቹ ወደ ምሥራቅ ዞረው በቀይ ባሕር በኩል መሄድ ጀመሩ፤ ጊዜም ነዳጅም ጨመረ። አንድ መንገድ ሲዘጋ መኪናው አይጠፋም፣ ጎረቤት መንገድ ላይ ይከመራል። በ2025 ጁን እስራኤልና ኢራን ሲታኮሱ የኢራን፣ የኢራቅ፣ የዮርዳኖስና የእስራኤል ሰማይ ባንዴ ሲዘጋም ያው ነው የሆነው። ከገልፍ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ሁሉ በሳዑዲና በግብፅ፣ ወይም በሰሜን በኩል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ተጨናነቀ።

እንደሚቆይ እያወቁ ለምን ያሳፍሩናል?

በጣም የሚያናድደው ይህ ነው አይደል? ተቀምጦ፣ ተዘግቶ መጠበቅ። ግን ምክንያት አለው። ወረፋው ይንቀሳቀሳል። አንድ በረራ ሲሰረዝ፣ ወይም ነጎድጓዱ ቀድሞ ሲያልፍ ቦታ ይከፈታል። ካፒቴኑ በሩን ዘግቶ «ዝግጁ ነኝ» የሚል መልእክት ካስላከ፣ የተከፈተችዋን ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ሰው ገና በሩ ላይ እየተሰለፈ ከሆነ ያልፈዋል። እኛም 45 ደቂቃ ተብለን በ20 ደቂቃ ነው የተነሳነው።

ካሳን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለረጅም መዘግየት ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ አለ። ምክንያቱ ግን የአየር ትራፊክ ወረፋ ከሆነ፣ በተለምዶ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጪ ተብሎ ስለሚታይ ገንዘቡ ላይሰጥ ይችላል። ምግብና መጠጥ፣ ሌሊቱ ካለፈ ደግሞ ሆቴል ማግኘት ግን መብታችሁ ነው። ስለዚህ የዘገያችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። እንዲህ ዓይነት መዘግየት ሲገጥማችሁ ደግሞ ቡና ልጠጣ ብላችሁ ከበሩ አትራቁ፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ሰዓት የሚለው ሳታስቡት አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል።